ካርታውን በፍላሽ ወይስ በጋራ ሰርቨር?

ድሬዳዋ ላይ የቧንቧው ካርታ አንድ ቢሮ፣ የይዞታው ሌላ ቢሮ ሊሆን ይችላል። እንዴት ይገናኙ?

አንዱ መንገድ የለመድነው ነው፤ ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ፍላሽ። ኔትወርክ ቢጠፋም ፋይሉ እጅ ላይ ነው። ግን ቶሎ ያረጃል። ትልቁ ጣጣ ደግሞ መለኪያው፣ ማለትም ካርታው የቦታን ልክ የሚቆጥርበት መነሻ ነው። አንዱ ካርታ በቆየው መለኪያ በአዲንዳን፣ ሌላው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ተሠርቶ ይመጣል። ሳይቀየሩ ከተደራረቡ 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋሉ። መንገድ ሥር ያለው ቧንቧ የሰው ግቢ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ከሐረር ጋር ሲሆን ይብሳል። ካርታ ሲሠራ ምድር በኬንትሮስ ዞን በሚባሉ ቁራጮች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ዞንም ከራሱ መነሻ ይቆጥራል። የዞኖቹ ድንበር 42 ዲግሪ ኬንትሮስ በሁለቱ ከተሞች መሃል ስለሚያልፍ ድሬ ዞን 37፣ ሐረር ዞን 38 ናቸው።

በጋራ ሰርቨር ግን እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ያድሳል፣ ሌላው ወዲያው ያያል። ባለሙያና በጀት ይፈልጋል። «ዳታዬን ማን ያየዋል?» የሚል ስጋትም አለ። የባለይዞታ ስም ይደበቅ፣ ልክ ነው። የጎርፍ መውረጃን መደበቅ ግን ፈጽሞ አይገባኝም። በ1998 ዓ.ም. የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው አጥተናል።

እኔ ሰርቨሩን እመርጣለሁ። እሱ እስኪመጣ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ቀኑ፣ መለኪያውና ዞኑ ይጻፍ። ይሄ በጀት አይጠይቅም።