ደረት ተከፍቶ ወይስ በጎን በትንሿ ቀዳዳ? ባይፓስ ለምትጠይቁኝ

ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፣ ደረት ተከፍቶ የሚሰራው ባይፓስ (የተዘጋን የልብ ደም ስር በሌላ ደም ስር ማሻገር ማለት ነው) ይሻላል ወይስ ያ በትንሽ ቀዳዳ የሚሉት? ሐኪም አይደለሁም ግን ሁለቱንም አስታምሜያለሁ፣ አባቴን በ2015 ደረቱ ተከፍቶ፣ አጎቴን በ2017 በትንሿ፣ ሁለቱንም ዴልሂ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የምትሆናችሁ ከሆነ ትንሿን ነው የምላችሁ።

ዋጋው ላይ ሁሉም ይሸወዳል። የአባቴ ፓኬጅ 6,200 ዶላር ነበር፣ የአጎቴ 7,400። "ቀዳዳ ለማጥበብ 1,200 ዶላር?" ብሎ አጎቴ ሊተወው ነበር እኮ። ቁጭ አድርጌ ቆጠርኩለት። አባቴ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሁለት ቀን ተጨመረበት 700፣ እኔ ጌስት ሃውስ 32 ቀን በ25 ዶላር 800፣ ድጋሚ አንጂዮግራም (ቱቦ አስገብተው የልብን ደም ስር የሚያነሱበት ምርመራ) 400፣ ድምር 8,100። አጎቴ ጋር 16 ቀን ብቻ ስለቆየን 400 ተጨምሮ 7,800 ላይ አለቀ። ያችን የአንጂዮግራም 400 ብታወጧት እንኳ ክፍቱ የሚረክሰው በመቶ ዶላር ነው። በብር ግን አታወዳድሩ፣ ዶላሩ ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር።

ይሄ ሁሉ እርሻውን ሳንቆጥር ነው። ደረት ሲከፈት አጥንቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በሽቦ ይታሰራል፣ እስኪገጥም ሦስት ወር ገደማ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። አባቴ የተሰራው ሚያዝያ ላይ ስለነበር ሞፈር ሳይነካ ክረምቱ አለፈ፣ መሬቱን የእኩል ሰጠነውና የጤፉ ግማሽ ሄደ። ስንመለስ ዓባይ በረሃን ስንወርድ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ መኪናው በነጠረ ቁጥር "ኧረ ቀስ በል አንተ ልጅ" ሲል አይረሳኝም።

ትንሿ ግን በግራ በኩል በጎድን አጥንት መሀል ነው የሚገቡት፣ የደረት አጥንት አይነካም፣ ልብም እየመታች ነው የሚሰፉት። ገና ሙከራ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፣ ኮሌሶቭ የሚባል ሐኪም ሌኒንግራድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 በጎን ገብቶ ሰርቶታል። አያምም የሚለው ግን ውሸት ነው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አጎቴን ጎኑን ከአባቴ የባሰ አሞታል፣ በወሩ ግን ሱቁ ተመልሶ ሂሳብ ይዟል።

ለሁሉም አትሆንም። ብዙ ቦታ የተዘጋበትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፍተው ነው የሚሰሩት። የኛ ቁጭት የአባቴ የተዘጋችው ፊተኛዋ ደም ስር ብቻ መሆኗ ነው፣ የሄድንበት ሆስፒታል ትንሿን የሚሰራ ስላልነበረው ሌላም መንገድ አለ ያለን የለም፣ ከሆስፒታሉ ያገናኘን ደላላም ዝም። ስለዚህ ሐኪሙ ስንት ሰው በዚህ መንገድ እንደሰራ ጠይቁ፣ መሀል ላይ አልመች ብሎት ደረት ቢከፍት የሚጨመረው ብርም አስቀድሞ ይጻፍላችሁ።

ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ይረክሳል፣ ሐኪም ይበቃችኋል ካለ ጥሩ፣ ግን የደም ማቅጠኛ ክኒኖቹን ለወራት ሳታቋርጡ ነው፣ የሰፈራችሁ ፋርማሲ ዛሬ አልቋል ቢል ነገ ማለት አይቻልም።

ያች የአባቴ የድጋሚ አንጂዮግራም 400 ዶላር ደግሞ እንዲህ ነች። ደላላው አዲስ አበባ የተነሳውን የአንጂዮግራም ሲዲ ኮፒ ሰጥቶን ዋናውን አስቀረ፣ ዴልሂ ሲከፈት ባዶ! ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አልሰራም አለ፣ ያንኑ ቱቦ ድጋሚ በአባቴ እጅ አስገቡበት። ለአጎቴ ጊዜ ዋናውን ሲዲ ኪሴ ከትቼ፣ ፍላሽ ላይም ገልብጬ፣ ኢንተርኔት ቤት አስከፍቼ ልቡ ስትመታ በዓይኔ አይቼ ነው የተሳፈርነው።