ከ9 ወር የሌሊት ጥበቃ በኋላ፦ የእንቅልፍና የንቃት መከታተያዬ

ይህን በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የእንቅልፍና የንቃት መከታተያ መጠቀም ከጀመርኩ 9 ወር ሞልቶኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሰርኩትም በሌሊት ጥበቃ ላይ ነው።

ትልቁ ውለታው እኔ ያላስተዋልኩትን ድካም ማሳየቱ ነው። በ3ኛው ወር ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን ከ6 ሰዓት ያነሰ እየተኛሁ፣ ሰውነቴ ለምዶታል ብዬ አምን ነበር። ነገር ግን ምልክት ሲበራ ቁልፍ በመጫን በተራዬ መሀል የምሠራው የምላሽ ፍጥነት ፈተና ሌላ ነገር ይናገር ነበር፤ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ የዘገየሁባቸው ጊዜያት፣ በተለይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ፣ ከ2 ወደ 9 አሻቀቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናትም ለ14 ቀን በየሌሊቱ ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ የተኙ ሰዎች ንቃታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሳለ ያን ያህል እንቅልፍ እንዳልተጫናቸው ይናገሩ እንደነበር አሳይቷል። ጠመንጃ ይዞ ዘብ ለሚቆም ሰው ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። አንድ ሌሊት ተጠባባቂ ሆኜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም ብዬ፣ ዓይኔን ጣራው ላይ ተክዬ የሬዲዮ ጥሪ ስጠብቅ ያሳለፍኩትን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እንቅልፍ ብሎ መዘገበው። የሚለካው የእጅን እንቅስቃሴና የልብ ምትን እንጂ አንጎልን ስላልሆነ፣ ሳይንቀሳቀስ የተጋደመን ሰው ብዙ ጊዜ እንዳንቀላፋ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ጥልቅ እንቅልፍ እያለ የሚከፋፍለውን ዝርዝር አላምነውም። ማሰሪያው ሲላላ ደግሞ የልብ ምት የሚለካበት አረንጓዴ ብርሃን በጨለማ ወደ ውጭ ያፈተልካል፤ ይህን የነገረኝ ከእኔ 20 እርምጃ ርቆ የቆመ ጓዴ ነው።

የጂፒኤስ አገልግሎቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘግቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስትራቫ የተባለው የስፖርት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ መተግበሪያ ካርታ የወታደራዊ ሰፈሮችን አቀማመጥ ማጋለጡ ከታወቀ በኋላ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በግዳጅ ቀጠናዎች እንዲህ ያለውን የቦታ መጠቆሚያ መከልከሉ ተገቢ እርምጃ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የውጤቱ አጠቃቀም ነው። በምድባችን ከመከታተያው ዝቅተኛ የእንቅልፍ ነጥብ ያገኘ ሰው ስሙ በይፋ ይነበብ ስለነበር፣ አንድ ጓዳችን መከታተያውን ደህና በተኛ ሰው እጅ ላይ አስሮ ማደር ጀመረ። ነገሩ ሲታወቅ የተረኞች ኃላፊያችን ስም ማንበቡን አስቀርቶ፣ አሽከርካሪ ከመመደቡ በፊት የ7 ቀን የእንቅልፍ ድምርን ለብቻ ጠርቶ መጠየቅ ጀመረ። በዚያው ሳምንት ጓዳችን መከታተያውን በገዛ እጁ ላይ መልሶ አሰረው፤ 31 ሰዓት ብቻ መተኛቱንም ራሱ ተናግሮ መሪ ሳይጨብጥ ቀረ።