ሶንድሀብ ሲገመገም፦ ፊኛው የት ይወድቃል?

የአየር ሁኔታ ፊኛ የሚለቅም ሆነ የወደቀ ራዲዮሶንድ (በፊኛ ተንጠልጥሎ አየሩን እየለካ በራዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) የሚፈልግ ሰው ሶንድሀብ የተባለውን ድረ ገጽ ሳይከፍት ከቤት አይወጣም። በነፃ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ፊኛው ሳይለቀቅ መንገዱን የሚገምት መተንበያና ከተለቀቀ በኋላ በቀጥታ የሚከታተል ካርታ። ካርታው ግሩም ነው። መተንበያው ግን የሰጡትን ቁጥር አምኖ የሚያሰላ ስለሆነ፣ ቅጹን በችኮላ የሞላ ሰው በሚያምር መስመር ተሸንግሎ ወደ ሌላ ሸለቆ ይነዳል።

ከጀርባው ያለው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠራው ታዊሪ የተባለ ሶፍትዌር ነው። ነፋሱን የሚወስደው በየ6 ሰዓቱ ከሚታደሰው ጂኤፍኤስ ከተባለው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ትንበያ ነው። ስለዚህ ከሦስት ቀን በፊት ያያችሁትን መስመር እርሱት፤ ዋዜማውን አንዴ፣ ልትለቁ ስትሉ ደግሞ አንዴ አስሉ። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይሁን በአካባቢው ሰዓት አረጋግጡ።

ቅጹ ሲከፈት ሦስቱ ዋና ቁጥሮች ተሞልተው ይጠብቃሉ፦ መውጫ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር፣ መፈንጃ ከፍታ 30,000 ሜትር፣ መውረጃ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር። እንዳሉ መተው ትልቁ ጥፋት ነው። ጋዙ አንሶ ፊኛው በሰከንድ 4 ሜትር ቢወጣ፣ ከባሕር ጠለል 30,000 ሜትር ለመድረስ 100 ደቂቃ ሳይሆን 125 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰከንድ 40 ሜትር የሚነፍስ፣ 3 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የነፋስ ንብርብር ሲያቋርጥ ብቻ 6 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ይገፋል። በዚያ ላይ ጋዝ ያነሰው ፊኛ ለመለጠጥ ቦታ ስለሚተርፈው ከፍ ብሎ ይፈነዳል፤ የበዛበት ፈጥኖ ይወጣና ዝቅ ብሎ ይፈነዳል። አንዱን ቁጥር ነክቶ ሌላውን መተው አይቻልም። የፊኛውንና የጭነቱን ክብደት መፈንጃ ማስያው (ፊኛው የት ከፍታ ላይ እንደሚፈነዳ የሚያሰላው ገጽ) ላይ አስገቡ፤ የሚሰጣችሁን የመሳብ ኃይል ስትሞሉ የፊኛው አንገት ላይ በተንጠልጣይ ሚዛን ለኩ። ነፋስ ካለ ሚዛኑ ይዋዥቃልና ከለላ ፈልጉ።

መውረጃው ቁጥር መሬት አጠገብ ያለው ፍጥነት ነው። 30 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 65 ጊዜ ያህል ስለሚሳሳ፣ ታች በ5 ሜትር የሚወርድ ፓራሹት እዚያ በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል፤ ይህን መተንበያው ራሱ ያስተካክላል። የማያውቀው የፈነዳው ላስቲክ በፓራሹቱ ገመድ መጠምጠሙን ነው። በ5፣ በ8 እና በ10 ሦስት ጊዜ አስሉ፤ የምትፈልጉት ነጥብ ሳይሆን በሦስቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው መስመር ነው።

ካርታው የሚሞላው በበጎ ፈቃደኞች ተቀባይ ጣቢያዎች ነው፤ ጣቢያ በሌለበት አካባቢ ባዶ ነው። ጣቢያ ማቆም ግን ከባድ አይደለም፦ አርቲኤል ኤስዲአር የተባለ በዩኤስቢ የሚሰካ የራዲዮ መቀበያ፣ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራዲዮሶንድ አውቶ አርኤክስ የተባለው ሶፍትዌር፣ ከ18 ሴንቲ ሜትር ሽቦ የተሠራ ቀጥ ያለ አንቴና። ሶፍትዌሩ ከ400 እስከ 406 ሜጋኸርዝ ራሱ እየቃኘ ሶንዱን ያገኛል። በጣም የተለመደው የራዲዮሶንድ ዓይነት፣ አርኤስ41፣ ቦታውን በየሰከንዱ ይልካል። ደካማ ቻርጀር ለፓዩ አትስጡ፤ መቀበያው መሀል ላይ ይቋረጣል።

ፊኛው ከፈነዳ በኋላ ካርታው የማረፊያ ግምቱን በእውነተኛው ፍጥነት እያደሰ ይሄዳል፤ የትኛውም ቅድመ ትንበያ ይህን አያህልም። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው፦ ሶንዱ ከኮረብታ ጀርባ ሲገባ ሲግናሉ ይጠፋል። ያኔ የመጨረሻውን ከፍታ አንብቡ፤ ግን ከፍታው ከባሕር ጠለል መሆኑን አትርሱ። 2,300 ሜትር ላይ የጠፋ ሶንድ መሬቱ 2,000 ሜትር ከሆነ የቀረው 300 ሜትር፣ በ5 ሜትር ፍጥነት 60 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 8 ሜትር ነፋስ 480 ሜትር ብቻ ይንሳፈፋል። መሬቱ 800 ሜትር ከሆነ ግን 300 ሰከንድ፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ነው።