ያገለገለ ካነን 600ዲ በአዲስ አበባ ብርሃን

ካነን 600ዲ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ነው። ከአሜሪካ የመጣው «ሪቤል ቲ3አይ»፣ ከጃፓን የመጣው «ኪስ ኤክስ5» የሚል ስም ተጽፎበታል፤ ዕቃው አንድ ስለሆነ ለስም ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ኤክስፖዠርን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ከሥሩ መማር ለሚፈልግ ጥሩ ግዢ ነው። ማታ ማታ ዝግጅት እያነሳ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ግን አይሆንም።

ደመና በሌለበት ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት መስቀል አደባባይ ላይ፣ ከፊልም ዘመን የቆየው ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 16፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ስትከፍቱት አራት እጥፍ ብርሃን ስለሚገባ ሹተሩን ወደ 1/400 ማፍጠን ነው። ኤፍ 2.8 ላይ 1/3200 ትደርሳላችሁ። የካሜራው ገደብ የሚመጣው እዚህ ጋር ነው፤ ሹተሩ ከ1/4000 አያልፍም። ኤፍ 1.8 ደግሞ ወደ 1/8000 የሚጠጋ ይፈልጋል። ጀርባውን ለማደብዘዝ ብላችሁ ሌንሱን ሙሉ ከከፈታችሁ ፎቶው ይነጣል። ወይ ኤፍ 2.8 ላይ ቆዩ፣ ወይ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። ጥላው ይሻላል፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ትሠራለች።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ነጭ ልብስ ላይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ነጠላ ያጣፉ እናት ፍሬሙን ሲሞሉት ነጩ ያታልለዋል፤ ምስሉን ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። መለኪያውን ወደ ስፖት ቀይሩት፤ የፍሬሙን መሐል 4 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚያይ ፊታቸው ላይ ለኩ። አለዚያም በኤክስፖዠር ማካካሻ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል)። ከዚያ ፎቶውን መልሳችሁ ከሂስቶግራሙ (የጨለማውንና የብርሃኑን ስርጭት ከሚያሳየው ግራፍ) ጋር እዩት። ነጠላው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ጥቁር ከታየ ነጩ ተቃጥሏል፤ የሽመናው ክርም ከጥለቱ አጠገብ ያለው እጥፋትም ጠፍቷል ማለት ነው። 1/3 ስቶፕ ቀንሳችሁ ድገሙት።

ካሜራው ኤም ሞድ ላይ (ሹተሩንም አፐርቸሩንም በእጅ ስታስተካክሉ) የሚያናድድ ነገር አለው፤ መሽከርከሪያው አንድ ብቻ ነው። ሹተሩ በቀጥታ ይዞራል፣ ለአፐርቸር ግን «ኤቪ» የሚለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ለሚማር ሰው ችግር የለውም፤ ለሚሮጥ ሰው ያዘገያል።

ቤት ውስጥ ሌንሱ ከካሜራው በላይ ይወስናል። ፒያሳ ያለ ካፌ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ፣ ዙም የማያደርገው 50 ሚሜ ሌንስ በኤፍ 1.8፣ በ1/100 እና በአይኤስኦ 800 በቂ ብርሃን አገኘ እንበል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሜ ዙም ሌንስ ደግሞ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያጣ አይኤስኦ 8000 ገደማ ይጠይቃል። የ600ዲ መደበኛ ጣሪያ 6400 ነው፤ ከ1600 በላይም ጥላው ላይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ በግልጽ ይወጣል። 1/100 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ሸምበቆ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሹተሩ ከዚያ ሲፈጥን ምስሉ ላይ ሰንበር ይታያል። ለቪዲዮም ሜኑው ውስጥ ፓልን (ለ50 ኸርዝ መብራት የሚስማማውን የቪዲዮ ሥርዓት) መርጣችሁ በ25 ፍሬምና በ1/50 ቅረጹ። አንድ ቀረጻ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ በ12 ደቂቃ ገደማ፣ በራሱ ይቆማል።

  ሌንስ ስትመርጡ የሚጠቅማችሁ ዓመት እ.ኤ.አ. 1987 ነው። ካነን የኢኤፍ ሌንስን ያወጣው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ኢኤፍ ሌንስ ሁሉ ይገጥመዋል። አዲሶቹ አርኤፍ ሌንሶች አይገቡም።

ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ያዙ። ኤፍ 22 ላይ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ እንደ ግራጫ ነጥብ ይታያል። አቧራ ስለሚጸዳ ግዢውን አያስቀርም። ስክሪኑን ገልብጣችሁ አዙሩትና ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ተዉት። በደንብ መፈተሽ ያለበት 18-55ቱ ነው። ኤፍ 3.5 ላይ ደህና አንስቶ ኤፍ 8 ላይ «ኧረር 01» (ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም የሚል መልእክት) ካወጣ፣ ሻጩ «ኮንታክቱ ቆሽሾ ነው» ይላችሁ ይሆናል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ድገሙት። ተጠርጎም ሙሉ ሲከፈት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዙም በተደረገ ቁጥር የሚታጠፈው የአፐርቸሩ ስስ ሪባን ተበጥሷል። ያኔ አካሉን ብቻ ግዙና የሌንሱን ብር ለ50 ሚሜው አቆዩት።