ልስላሴው ያጠራጥራል፦ የአሜሪካ ሐበሻ ሱቅ እንጀራና የጤፍ ዱቄት በሴሊያክ ሕመምተኛ ዓይን

በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቆች መግቢያ ላይ፣ እንፋሎቱ ገና ላስቲኩን እንዳራሰው የሚደረደረው እንጀራ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው። ልስልስ ይላል፣ ዓይኑ የበዛ ነው፣ በሦስተኛው ቀን እንኳ ሲጠቀለል አይሰነጠቅም። ለሴሊያክ ሕመምተኛ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቱን ለሚጎዳው ሰው ግን፣ የመጀመሪያው የጥርጣሬ ምልክት ይኸው ልስላሴው ነው። ጤፍ ብቻውን ሲጋገር እጁ የተባረከ ጋጋሪ ካላገኘ በቀር በማግስቱ መድረቅና ጫፍ ጫፉ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። እንደዚያ የሚለጠጠው አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ስለገባበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው፣ ማስነሻ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት፣ አንዳንዴም ገብስ።

ጤፉ ራሱ ጥፋት የለበትም። በ2005 ከኔዘርላንዷ ላይደን የወጣ ጥናት 14 የጤፍ ዝርያዎችን ፈትሾ፣ የሴሊያክ ሕመምተኛን አንጀት የሚያስቆጣውን የግሉተን ዓይነት በአንዳቸውም አላገኘም። ስለዚህ ጥያቄው ከጤፉ ጋር አብሮ ምን ገባ የሚለው ነው።

ባለሱቁን ስትጠይቁት «ትንሽ ስንዴ ነው ያለው» ቢላችሁ፣ መልሱን በቁጥር እንየው። አንድ መደበኛ እንጀራ ወደ 130 ግራም ዱቄት ይወስዳል። ከዚህ 10 በመቶው ስንዴ ቢሆን 13 ግራም ነው፤ በውስጡ ያለው ግሉተን አንድ ግራም ገደማ፣ ማለትም 1000 ሚሊግራም ይሆናል። ለሴሊያክ ሕመምተኛ በቀን የሚፈቀደው ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው ጣሪያ 10 ሚሊግራም ነው። «ትንሽ» የተባለችው ስንዴ ጣሪያውን መቶ ጊዜ አለፈችው። በአንጻሩ ዱቄቱ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት «ግሉተን ፍሪ» ለመባል ከሚፈቀደው 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) በታች ከሆነ፣ ያው እንጀራ የሚይዘው ከ2.6 ሚሊግራም ያነሰ ነው።

የታሸገውን ስትገዙ የፊት ለፊቱን ትልቅ ጽሑፍ ተዉት፤ ከረጢቱን ገልብጡና ኢንግሪዲየንት የሚለውን፣ የተሠራበትን ዝርዝር አንብቡ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ የአለርጂ ሕግ ስንዴን ለይቶ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። «ኮንቴይንስ ዊት» (ስንዴ አለበት) የሚል ስላላያችሁ ብቻ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ባርሊ (ገብስ) እና ሞልት (ብቅል) የሚሉትን ቃላት ራሳችሁ ፈልጉ። ጭራሹኑ ዝርዝር የሌለው፣ ስልክ ቁጥር ብቻ የተለጠፈበት ላስቲክ ከሆነ መልሱት።

«መመርመሪያ ገዝቼ ራሴ እፈትሸዋለሁ» የሚል ካለ፣ በእንጀራ ላይ አይሠራም። ሊጥ ሲቦካ ግሉተን ይቆራረጣል፤ የተለመደው መመርመሪያ ደግሞ ሙሉውን ፕሮቲን የሚፈልግ ስለሆነ ቁርጥራጩን አያየውም፤ ጉዳቱ ግን እንዳለ ነው። ኤፍዲኤም በ2020 ለቦኩ ምግቦች የተለየ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፦ «ግሉተን ፍሪ» ብሎ የሚሸጥ አምራች ጥሬ ዕቃው ከመቡካቱ በፊት ንጹሕ እንደነበረ መዝገብ ይዞ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ባለሱቁን «ተመርምሯል ወይ» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። «ዱቄቱ ከየት ነው? በዚያው ምጣድ ቅይጥ ይጋገራል ወይ?» በሉት።

ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ቦብስ ሬድ ሚል ግሉተን የሌለባቸውን እህሎች በተለየ ክፍል ፈጭቶ ያሽጋል፣ ምርቱንም ይመረምራል፤ ለጀማሪ የምንመክረው እሱን ነው። ጉድለቱ ከረጢቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ በየሳምንቱ ለሚጋግር ቤተሰብም አያዋጣም። ማስካል በሚል ስም የሚሸጠው የአይዳሆ ጤፍ በ25 ፓውንድ ከረጢት ስለሚገኝ ለቤተሰብ ይሻላል፤ ነጩም ቀዩም አለው። ለአገር ቤት ምላስ የሚቀርበው ቀዩ ነው። ነጩ ለማየት ያምራል፣ ጣዕሙ ግን ለስለስ ይላል።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ጤፍ በጣዕም ሁሉንም ይበልጣል፤ ይህን ክደን አንዋሽም። ለሴሊያክ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱ ወፍጮ ቤቱ ነው። ሰው ተራውን ጠብቆ ያስፈጫል፤ ከፊቱ የነበረው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ ድንጋዩ መሃል የቀረው ከጤፉ ጋር አብሮ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወጣውን ሁለት ሦስት ኪሎ ለይቶ ማስቀረት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በሶና ቆሎ የሚያዘጋጅ ቤት ያስፈጨው ሽሮም ያው ነው።

እቤት ስትጋግሩ ለአንድ ኪሎ ዱቄት 1.3 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል፤ 7 ወይም 8 እንጀራ ይወጣዋል። እርሾ ከጎረቤት አትዋሱ፤ ጎረቤት ቅይጥ የምትጋግር ከሆነ ስንዴው በእርሾው ይገባል። የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ እርሾ አቡኩትና ከ4 እስከ 5 ቀን ታገሡ፤ ከዚያ በኋላ የራሳችሁ እርሾ ይኖራችኋል፣ 2 ወይም 3 ቀንም ይበቃል። በክረምት ቤቱ ከቀዘቀዘ ቡሃቃውን መብራቱ ብቻ በበራ ኦቨን ውስጥ አኑሩት።

ላዩ ላይ የቆመውን ጠቆር ያለ ውሃ ከደፋችሁ በኋላ ወሳኙ አብሲት ነው። በስንዴ እንጀራ አብሲት ቢዘለልም ብዙ አይጎዳም፤ በንጹሕ ጤፍ ግን ግሉተኑ ይሠራው የነበረውን ማያያዝ የሚሠራው የበሰለው ሊጥ ነው። ሁለት ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰላችሁ ገንፎ መምሰል እስኪጀምር አብስሉ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዙና ወደ ሊጡ መልሱት። በትኩሱ ከመለሳችሁት እርሾውን ይገድለዋል፣ ሊጡም ኩፍ አይልም። ኩፍ ካለ በኋላ ጋግሩ። ቤታኒ የሚባለው ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ መጋገሪያ 450 ፋራናይት ገደማ ላይ ጥሩ ይሠራል። ዓይን ካላወጣ ወይ ምጣዱ አልጋለም ወይ ሊጡ ወፍሯል። ጠርዙ ተሰንጥቆ ከተነሣ አብሲቱ አንሷል ወይም ክዳኑን አዘግይታችሁ ከፍታችኋል። መሃሉ እየለጠፈ ካስቸገረ ሊጡ ሳይደርስ ቸኩላችኋል።

ቅይጥ ሲጋገርበት የኖረ የሸክላ ምጣድ ፍቆ ማጽዳት አይቻልም፤ አዲስ ግዙ። ማሰሻውንም ቀይሩ፣ ሰፌዱንም። ብዙ ቤት የሚረሳው ማሰሻውን ነው፤ ያቺ የተቃጠለች ጨርቅ የስንት ዓመት ስንዴ ይዛለች።

ምግብ ቤት ስትሄዱ በዋዜማው ደውሉ፤ ንጹሕ ጤፍ የሚያዘጋጁ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ማዘዝን ይጠይቃሉ። ፍርፍርና ፍትፍት ግን በትናንቱ ቅይጥ እንጀራ የመሠራቱ ዕድል ሰፊ ነው፣ ለይታችሁ ጠይቁ። ጠላና ቢራ ብቅል አለባቸው፤ ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

ሆዱ እየተነፋ፣ ደሙ እያነሰ፣ ገና ያልተመረመረ ሰው ግን ከላይ ካልነው አንዱንም ባይገዛ ይሻላል። ቲቲጂ-አይጂኤ የሚባለው የደም ምርመራም ሆነ ከትንሹ አንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ብቻ ነው። ንጹሕ ጤፍ እየበላ የከረመ ሐበሻ ውጤቱ «ነጻ» ሊልለት ይችላል፣ ሕመሙም ሳይታወቅ ይቀጥላል። ስንዴ ያቆመ ሰው፣ ሐኪሙ እየተከታተለው፣ ለምርመራው ሲል ከ6 እስከ 8 ሳምንት በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሁለት ቁራጭ የስንዴ ዳቦ እንዲበላ ሊታዘዝ ይችላል። ሐኪሙ ጠቅላላ አይጂኤ የሚለውንም አብሮ እንዲያዝ ጠይቁ፤ አይጂኤ ሰውነት የሚያመርተው የመከላከያ ፕሮቲን ነው፤ በተፈጥሮው አይጂኤ የሚያንሰው ሰው ሴሊያክ ኖሮበትም የመጀመሪያው ምርመራ አያገኘውም።