የአምባዛ ቅርጫት ወጥመድ፦ ቀርከሃ፣ ሽቦ ወይስ ናይሎን?

ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ በቅርጫት ማጥመድ የቆየ ጥበብ ነው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ከሐረግ የሚጎነጉኑት ሂናኪ አንዱ ነው። ኢል የሚራባው ግን ባሕር ውስጥ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሆለታም ሆነ በመልካ ቁንጥሬ በኩል ኢል አትጠብቁ። እዚህ ቅርጫት የሚገባው አምባዛ ነው፤ እሱም እንደ ኢል ማታ ይወጣል፣ ምግቡን አሽትቶ ያገኛል።

የኔ ምርጫ ቀርከሃ ነው። አዲስ አበባ የቀርከሃ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ልኩን ነግሮ ማሠራት ይቻላል። ዋናው ነገር ጉሮሮው ነው፤ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ውስጥ እየጠበበ መሄድ አለበት። ስትገዙ እጃችሁን ክተቱበት። ሲገባ ስንጥሮቹ ገለል ማለት፣ ሲወጣ መውጋት አለባቸው። ካልወጓችሁ አትግዙት፤ ዓሣውም እንደገባ ይወጣል። ጣጣው፣ ቀርከሃ ይንሳፈፋል። ድንጋይ ጨምሩበት፣ በገመድም እሰሩት። ደረቅ ቦታ ለወራት ከተቀመጠ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይገባበታል።

የሽቦው በራሱ ክብደት ይሰምጣል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ለኩሬ ይሆናል። ግን ይዝጋል፤ የተቆረጠው ጫፍም ቅርፊት የሌለውን የአምባዛ ቆዳ ይቧጭራል። ዓሣውን በሕይወት ወደ ሌላ ኩሬ ለማዛወር ካሰባችሁ ይቅርባችሁ።

ተጣጣፊው ናይሎን ሚኒባስ ውስጥም ይያዛል፤ ጥቅሙ እሱ ብቻ ነው። አምባዛ የጎን ክንፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ መረቡ ውስጥ ይጠላለፋል። ሌሊት በባትሪ ስትፈቱ ታድራላችሁ! ጎርፍ ከወሰደው ደግሞ የትም ሆኖ ማጥመዱን ይቀጥላል። ቀርከሃ ቢጠፋ ይበሰብሳል።

የትኛውንም ብትገዙ፣ የወጥመዱ አናት ትንሽ ከውሃ በላይ ይሁን። አምባዛ ብቅ ብሎ አየር የሚስብ ዓሣ ነው፤ ውሃው ኦክስጅን ሲያጥረው ሙሉ በሙሉ የሰጠመ ቅርጫት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለማጥመጃ የምድር ትል ወይም የዶሮ ሆድ ዕቃ ይበቃል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ለመራባት ወደ ዳር ይወጣል፤ ያኔ ተዉት።

ለሽያጭ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ የማይበላ ደንበኛ ብዙ ነው። አቃቂ ወንዝ ላይ ግን ማንኛውንም ወጥመድ አታስቀምጡ፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል።