ሞተሩ የኔ፣ ባትሪው የነሱ፦ ሎሜ ላይ ስምንት ወር በኤሌክትሪክ ሞተር

ከሁለት ሳምንት እረፍት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደምኖርባት የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ልሄድ ሞተሬ ላይ ወጣሁ። አልነሣም አለ። ባትሪው 60 በመቶ ያሳያል። የተበጠሰ ገመድ የለም። ግቢያችን ውስጥ የሚኖረው የሞተር ታክሲ ነጂ ጎረቤቴ ብቅ ብሎ አየውና "ቆልፈውብሃል" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን ከፍዬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ባትሪው ግን ሞተሩን የሸጠልኝ ኩባንያ ንብረት ነው። ሲያልቅ መቀየሪያ ጣቢያ ሄጄ ባዶውን አስረክባለሁ፤ ከፍዬ የተሞላውን ይዤ እወጣለሁ። ቤቴ ሰክቼ መሙላት አልችልም። ለተወሰኑ ቀናት ሳልቀይር ከቆየሁ ደግሞ ቢሯቸው ቁጭ ብለው ሞተሬን ያጠፉታል። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ሻጩ ግን አንድም ቀን አላነሣልኝም።

የነገረኝ ሌላ ነው። "ባትሪው ቢያረጅ ጣጣው የእኛ ነው፤ እርስዎ ምንም አያስቡ" አለኝ። አልዋሸም። የኤሌክትሪክ ሞተር ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው። እሱ ሳይጨመር ስለሚሸጥ ነው ዋጋው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀራረበው። ግን ወንድሜ፣ ጣጣው የእናንተ ስለሆነ ሞተሬን የመዝጋት ሥልጣንም የእናንተ ይሁን? ሁለት ሳምንት ቤተሰቤን ልጠይቅ ብሄድ ምን አጠፋሁ? ለማስከፈት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሳልነዳ ለከረምኩበት ጊዜም ከፈልኩ።

የገዛሁት በጭሱ ምክንያት ነው። ወደዚህ ያመጣኝ የአስካይ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለውና መናኸሪያውን ሎሜ ያደረገ አየር መንገድ ነው። ሎሜ የሞተር ከተማ ናት። የሞተር ታክሲውን "ዜሚጃን" ይሉታል፤ በጎረቤት አገር ቤኒን በሚነገረው የፎን ቋንቋ "ቶሎ ውሰደኝ" እንደማለት ነው። ቤንዚኑ ከማደያ ብቻ አይቀዳም፤ ከናይጄሪያ በኮንትሮባንድ የገባው በጠርሙስ ተሞልቶ መንገድ ዳር ይሸጣል። ሐርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ በሚነፍስባቸው ወራት የሰሐራ አቧራ ከጭሱ ጋር ሲደባለቅ ዓይን ያቃጥላል። እኔ በበኩሌ አንድ ጭስ ልቀንስ ብዬ ነው።

በዚህ በኩል ሞተሩ አላሳፈረኝም። ዘይት አልቀይርም፣ ካርቡሬተር አላጸዳም፣ ድምፅ የለውም። መብራቱ ከየት ይመጣል ለሚለኝም መልስ አለኝ። ቶጎ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ብዙው በጋዝ የሚመነጭ ወይም ከጋናና ከናይጄሪያ የሚገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብሊታ በምትባል የቶጎ ከተማ 50 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ ተመርቋል፤ ገና ብዙ ይቀራል። ቢሆንም የኔ ሞተር ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሕፃናት ፊት ላይ አይጨስም።

የሚያናድደኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። እሱም እንደኔው ዓይነት ሞተር ገዝቷል። ሦስት ልጆች የሚያሳድገው በዚሁ ሞተር ነው። ባለፈው ወባ ይዞት ስምንት ቀን ተኛ። ሲነሣ ሞተሩ ተቆልፏል። ማስከፈቻውን ለመክፈል ሥራ መሥራት አለበት፤ ሥራ ለመሥራት ደግሞ ሞተሩ መከፈት አለበት። ከኔ ተበድሮ አስከፈተ። አየሩ እንዲጸዳ የሁላችንም ፍላጎት ነው፤ ግን ዕዳው የሚወድቀው በእንደሱ ዓይነቱ ሰው ላይ ከሆነ ነገ ተነሥቶ ወደ ጠርሙሱ ቤንዚን ይመለሳል። አልፈርድበትም። አሁኑኑ እያሰበበት ነው።

ሌላው ችግር ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ማታ ማታ ጣቢያው ላይ የተሞላ ባትሪ ያልቃል፤ ሠልፍ አለ። ከሎሜ ወደ ፓሊሜ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሱ ለመሄድ አልደፈርኩም።

ሞተሩን ድጋሚ እገዛዋለሁ። ውሉን ግን በፍጹም አልፈርምም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ቤተሰብ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ታናሽ ወንድሜም ሰሞኑን የኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛ ነው ብሎ ደወለልኝ። ስለ ፍጥነቱ ያወራኛል፣ ስለ ቀለሙ ያወራኛል።

"ባትሪው የማን ነው?" አልኩት።

"የኔ ነዋ! ማታ ቤት ሰክቼው አድራለሁ።"

"በል ግዛ" አልኩት።